በግራ እጅ የተሰጠ ወተት

«ይሄ ሐይቅ አይደለም፤ ኩሬ ነው። አንቺም ፎቶ አንሺ አይደለሽም፤ ካሜራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ ነሽ።»

ይህን ያለኝ በነገሌ ብቸኛው የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። በጓዳ አይደለም ያለኝ። ለመታወቂያ ሊነሱ የተሰለፉ ወታደሮች፣ አንድ የቀበሌ ሰውና ከእናቷ ጋር የመጣች ሙሽራ ፊት ነው። ሁሉም ሳቁ። አንደኛው ወታደር እንዲያውም ጣፍጦት «ኩሬ!» ብሎ ደገመው። ፎቶዎቼን ከባንኮኒው ላይ ሰብስቤ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ሰው ፊት ማልቀስ እኛ ቤት የለም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውዬውን ይዤዋለሁ። ቂም አይያዝም ይላሉ፤ እኔ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ምንም አይከብድም።

የጠየቅኩት ነገር ትልቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ ከነዚህ አንዷን ብቻ መስኮትዎ ላይ ይስቀሉልኝ» ነበር ያልኩት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በዕድሜ አባቴን ያህላል። በልቤ ግን አንተ ነው፤ እዚህም እንደ ልቤ ነው የምጽፈው።

የኩሬና የሐይቅ ነገር ከቋንቋ የመጣ ነው። በኦሮምኛ «ሐሮ» ሲሉ ሐይቅም ማለት ነው፣ ሰው ቆፍሮ ዝናብ የሚሞላው ትልቁ የከብት ውሃም ማለት ነው። እኔ ነገሌ ተወልጄ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ሻይና ስኳር አማስዬ ያደግኩ ነኝና፣ ከፎቶዎቼ ጀርባ «ሐይቅ ዳር» ብዬ እጽፍ ነበር። የዚህ አገር፣ የሊበን ሰው ሐሮ ካለው ለኔ ሐይቅ ነው። የሚያዝያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ወዲያ ማዶ የቆመች ላም ፍየል አክላ ስትታይ፣ ደግሞ ማን ነው ኩሬ የሚለው?

እዚያ ውሃ ዳር የአባቴ ታናሽ እህት ትኖር ነበር። ባሏ ሲሞት ከተማ አልመለስም አለች። ከውሃው አጥር ወዲህ፣ አንድ ትልቅ ግራር አጠገብ ጎጆ ቀልሳ፣ ለከብት ጠባቂዎች ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ትምባሆና ባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ እንደ ታሰረ ጥጃ ስንጎራደድ፣ እናቴ «ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ ሂጂልኝ፤ እኔም ልረፍ» አለችኝ። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት ደቡብ የሚወርድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጨው ጆንያ በላይ ተቀምጬ እወርዳለሁ። እሁድ ማታ አቧራ ለብሼ እመለሳለሁ። ሾፌሮቹ ለምደውኝ «ባለ ካሜራዋ፣ እግርሽን ሰብስቢ!» ይሉኛል።

ካሜራውን ያመጣልኝ አጎቴ ነው፣ ከሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ። ሁለት ዓይን ያለው፣ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ሣጥን ነው። አንድ አመል አለው። በመስታወቱ ውስጥ ዓለም ግራና ቀኟ ተገልብጦ ነው የምትታየው። ላሚቱ ወደ ቀኝ ስትሄድ በመስታወቱ ወደ ግራ ትሄዳለች። መጀመሪያ ስከተላት ጊዜ እየዞርኩ እወድቅ ነበር፤ አክስቴ በሳቅ ትሞታለች። በኋላ ለመድኩት። ፊልሙ ላይ ግን ሁሉም በየቦታው፣ ቀኙም ቀኝ፣ ግራውም ግራ ሆኖ ይወጣል።

እዚያ የማነሳው ምን ነበር? ምንም። አክስቴ ብርጭቆ ስታጥብ። ጀሪካን ያነገቱ ሴቶች አጥሩ በር ላይ ሲሟገቱ። እሾህ ላይ የተሰጣ አንሶላ። ከጎጆው ጣሪያ ሣር እየመዘዘች የምትበላ ፍየል፣ ከኋላዋ አክስቴ ዱላ ይዛ። ጠዋት ውሃው ገና ሳይደፈርስ ግራሩ በውስጡ ሲታይ። ቤት ተቀምጬ የእናቴን የቡና ስኒ ሠላሳ ጊዜ ከማንሳት ይሻላል።

ሰኞ ደግሞ የኔ ቀን ነው። ገበያው አጠገብ አንዲት ሙስሊም ሴት ሻይ ቤት አላት፤ እትዬ ነው የምላት። በሻይ ቤቷ ግድግዳ ገመድ ወጥራልኝ፣ ፎቶዎቼን በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጥላለሁ። ሾፌሩ፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ ከብት ነጋዴው፣ ሁሉም ሻዩን ይዞ እየቆመ ያያል። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ስኒውን አስቀምጦ ፎቶው ላይ አፍንጫውን ለጠፈና ጮኸ። «ጊደሬ! ይቺ የጠፋችብኝ ጊደሬ ናት!» ከፎቶው ጥግ፣ ከሌላ ሰው ከብቶች መሃል ጊደሯ ቆማለች፤ ከነምልክቷ። በማግሥቱ ሄዶ አመጣት። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሻይ ሊጠጡ ሳይሆን የጠፋባቸውን ሊፈልጉ ነው የሚመጡት እያለች እትዬ ትቀልድብኝ ነበር።

ችግሩ ፊልም ማጠብ ነው። በከተማው ጨለማ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ነው። ፊልሙን እሰጠዋለሁ፣ ትንንሽ ፎቶ አትሞ ይሰጠኛል፤ ኔጋቲቩን ግን አይመልስም። ስጠይቀው ነገ ይላል። ነገ ሲደርስ ኔጋቲቭ የስቱዲዮ ነው ይላል። ሁሉንም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር እንዳስቀመጠው አይቻለሁ። ኔጋቲቭ ከሌለኝ ደግሞ ፎቶዬ አንዴ ታትማ፣ በሻይ ቤት ጭስ ጠቁራ፣ አለቀች ማለት ነው። የሁለት ክረምትና የሁለት በጋ ቅዳሜዎቼ በሙሉ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። ማስመለስ ነበረብኝ። አባቴን አማከርኩት። አባቴ የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሕግ የሚያውቅ፣ ስለዚህም የሚፈራ። «ተይው» አለኝ። «የቀበሌውን መታወቂያ በሙሉ የሚያነሳው እሱ ነው። ነገ የጦር ካምፕ ፎቶ አንስታለች ቢልብሽ ማን ያድንሻል?»

ተውኩት ብዬ ነበር። ዳቦ ልገዛ በፎቶ ቤቱ በር እስካለፍኩበት ጠዋት ድረስ።

መስኮቱ ላይ የኔ ፎቶ ተሰቅሏል። ትልቅ ሆኖ ታትሟል። ውሃውን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ በቀለም ቀብቶታል። ከሥሩ በነጭ ቀለም «የሐይቅ ዳር ሕይወት» ብሎ ጽፎበታል፤ የስቱዲዮውን ማኅተም አሳርፎበታል። እኔ ሳነሳው ኩሬ የነበረው፣ እሱ እጅ ሲገባ ሐይቅ ሆነ።

ፎቶውን ሳየው ያቺ ጠዋት ራሷ መጣችብኝ። ውሃውን የሚያስከብሩት ሽማግሌ ናቸው በፎቶው ላይ ያሉት። ማን መጀመሪያ ያጠጣል፣ ማን ይጠብቃል፣ አጥሩን ማን ያድሳል የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሁሉ አባ ሐሮ ይላቸዋል። በዚያ ጠዋት አክስቴ አሟት ነበርና ወተት በጮጮ ይዘውላት መጡ። በግራ እጃቸው በትራቸውን ተደግፈው፣ በቀኛቸው ጮጮውን ሲዘረጉላት፣ እሷም በሁለት እጇ ልትቀበል ጎንበስ ስትል ነው ያነሳሁት። ከኋላ ጎጆው፣ ግራሩ፣ ውሃው። ካነሳሁት ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ደሜ ፈላ። ድንጋይ አነሳሁ፣ አልዋሽም። መስታወቱን ልሰብረው ክንዴን ካነሳሁ በኋላ ነው ዓይኔ እጃቸው ላይ ያረፈው።

በፎቶው ላይ አባ ሐሮ ወተቱን የሚሰጡት በግራ እጃቸው ነው።

እንደገና አየሁ። በትሩ በቀኝ፣ ጮጮው በግራ። ጎጆው ከግራሩ በስተቀኝ መሆን ሲገባው በስተግራ ሆኗል። ገብቶኛል። ኔጋቲቭ ሁለት ገጽ አለው፣ አንዱ አንጸባራቂ፣ አንዱ ደብዛዛ። ሲታተም ገልብጠህ ካስገባኸው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ሰውዬው ገልብጦ አትሞታል። ገልብጦም አላወቀውም፤ በምን ያውቃል? ውሃውን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሐይቅ ከስቱዲዮው ጀርባ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ነው፤ ሻሸመኔ ያስቀባውን፣ ባለ ቀይ ጣሪያ ቪላ፣ ሦስት ዳክዬና አንድ ጀልባ ያለበትን። ስንቱ ወታደር ከዚያ ጀልባ ፊት ቆሞ ተነስቶ ለእናቱ ልኳል።

ድንጋዩን አስቀመጥኩት። በግራ እጅ ወተት መስጠት በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ለእንግዳ፣ ለታማሚ፣ ለጠላትም ቢሆን ወተት በቀኝ ነው። በግራ የሰጠ ሰው አልሰጠም፤ ረገመ። አባ ሐሮ ደግሞ ስማቸው እጃቸው ነው።

ለሰውዬው ገብቼ «ገልብጠውታል» ብዬ ብነግረው በአንድ ሰዓት ያስተካክለዋል። ስለዚህ አላልኩም። ገብቼ ሌላ ነገር አልኩ።

ወረፋ ነበር፤ ወታደሮች፣ ሁለት አስተማሪዎች። ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ የመስኮቱ ፎቶ እንዴት ያምራል! ማን አነሳው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ትንሽ ዋለለ። ከዚያ ሰዎቹን አየና ደረቱ ሞላ። «በዚህ ከተማ ስንት ፎቶ አንሺ አለና ነው ማን አነሳው የምትይው?»

«እርስዎ? እዚያ ድረስ ሄደው?»

«እና በጸሎት ነው የሚነሳው?»

ሳቁለት። እኔም ሳቅኩለት። «ሽማግሌው ወተቱን ሲሰጡ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው?»

«ከዚህ እስከዚያ ወንበር። ለኔም ሰጥተውኛል፤ ጠጥቻለሁ። ደግ ሰው ናቸው።»

«ውሃውስ? ቀዝቃዛ ነው ይላሉ።»

«ዋኝቼበታለሁ!» አለ። «እኔ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፤ ውሃ ካየሁ አልችልም።»

ከንፈሬን ነከስኩ። ያ ውሃ ሰውና ከብት የሚጠጣው ነው። እግሩን እንኳ የነከረ በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን በእሾህ ታጥሮ፣ በገንዳ እየተቀዳ ነው የሚጠጣው። ሰውዬው ግን ከአፉ ያወጣውን ሁሉ ሰው ሰምቷል፤ ያ «ኩሬ!» ብሎ የሳቀብኝ ወታደርም ወረፋው ውስጥ ነበር፤ «ጎበዝ ዋናተኛ ነዎት ማለት ነው!» ብሎ አሞገሰው።

«እሺ፣ ኔጋቲቮቼን ግን ይስጡኝ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ወደኔ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ካሜራሽ በቀበሌ ተመዝግቧል? ልጠይቅልሽ?»

ወጣሁ። እያፏጨሁ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ ሲደርስ ኤንትሬው የሚበር መሰለኝ። አክስቴ ገና ከሩቅ አይታኝ፣ «ምንድን ነው? ፊትሽ ያበራል። ሰው አገኘሽ?» አለችኝ።

«አግኝቻለሁ።»

«ማነው?»

«ሽማግሌ ነው። አይሆንሽም።»

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ስኳር መመዘን ቀጠለች። ከዚያ «አባ ሐሮን ለዚህ ልትጠቀሚባቸው ነው?» አለች።

«እጃቸውን የገለበጠው እኔ ነኝ?»

«እኔ ያልኩት ገልብጠሽዋል አይደለም።»

ወጥቼ አባ ሐሮን ከአጥሩ በር ላይ አገኘኋቸው፤ የተቆረጠ እሾህ በበትራቸው እየገፉ ቀዳዳ ይደፍናሉ። «ናጋ?» አሉኝ፤ ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው። «ናጋ» አልኩ። የከተማ ወሬ ጠየቁኝ፣ ዝናቡ ነገሌ ላይ እንዴት እንደጣለ፣ የአባቴ የሚያመው እግር እንዴት እንደሆነ።

«አባቴ፣ ፎቶዎ ከተማ ውስጥ በትልቁ ተሰቅሏል። ለገበያ ሲመጡ ያዩት እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አንቺ ያነሳሽው?»

«የሰቀለው ሰውዬ እኔ ነኝ ያነሳሁት ብሏል።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። ሽማግሌዎቹ እንደዚህ ሲያዩህ ከብት የሚገዙ ይመስልሃል። «እህ» አሉ። እሾሃቸውን መግፋት ቀጠሉ። ስለ እጁ ግን አልነገርኳቸውም።

በገበያ ቀን ገና በጠዋቱ እትዬ ሻይ ቤት ገብቼ፣ ፎቶ ቤቱን ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። እትዬ አይታኝ ሻዬን ሦስተኛ ጊዜ ስትቀዳልኝ «ልጄ፣ ድመት እንዲህ የምትቀመጠው አይጥ ጉድጓድ ላይ ነው» አለችኝ።

«ገና አልወጣም፣ እትዬ።»

መጡ። አባ ሐሮና ሁለት እኩዮቻቸው፣ ነጭ ኩታቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው። ከብት ተራውን ጨርሰው ነው። ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አንደኛው እኩያቸው ቆመ። ጣቱን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። ሦስቱም ቆሙ። አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ያ እኩያቸው ብቻ «ቢታ» አለ። ግራ።

ተነሳሁ። ሻዬን አልከፈልኩም፤ እትዬም ከኋላዬ ናት፣ ነጠላዋን እየሳበች።

ሰው ሽማግሌ ቆሞ ካየ ይቆማል። ከብት ነጋዴው፣ የጨው ሻጮቹ፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ተሰበሰበ። ባለ ፎቶ ቤቱ ጫጫታውን ሰምቶ ወጣ። ሰው ተሰብስቦ ሥራውን ሲያይ ነው የመሰለው፤ ፊቱ በፈገግታ ተከፈተ።

«አባቴ! እንኳን ደህና መጡ! አዩት አይደል? እንዴት ነው?»

አባ ሐሮ አላዩትም። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። «ይሄን ያነሳው ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«አንተ?»

«እኔ ራሴ! ረስተውኝ ነው? ወተት ሰጥተውኛል እኮ።»

«ሰጥቼሃለሁ።» ቀስ ብለው ዞረው አሁን አዩት። «በየትኛው እጄ?»

ሰውዬው አልገባውም። ሳቀ። ሰውን ዞር ብሎ አየ። «ያው... እንደ ፎቶው ነዋ፣ አባቴ። ፎቶ አይዋሽም።»

ሕዝቡ ውስጥ «አ!» የሚል ነገር አለፈ፤ ነፋስ ሣር ላይ ሲያልፍ እንደሚለው። አንዱ እኩያቸው በኦሮምኛ ጮኸ፤ ሌላው በትሩን መሬት ላይ ወጋ። ከብት ነጋዴው ለሰውዬው በአማርኛ ተረጎመለት፤ መተርጎም እንኳ አልነበረበትም፣ ግን በደስታ ነበር የተረጎመው። «አባ ሐሮ ለታመመች ሴት በግራ እጃቸው ወተት ሰጡ እያልክ ነው! በመስኮት! ለዓለም!»

«በግራ?» ሰውዬው ወደ መስኮቱ ዞረ። አየ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ እንደ ታጠበ ፎቶ ነጣ፤ ከዚያ ጠቆረ።

«ደግሞ ዋኝቼበታለሁ ብሏል!» አለ ያ ወታደር ከኋላ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊረዳው ፈልጎ ነው፣ እዚያ እንደነበረ ምስክር ለመሆን። «እኔ ፊት ነው ያለው፤ ሐይቁ ውስጥ ዋኝቻለሁ ብሏል!»

«ውሃው ውስጥ?» አሉ አባ ሐሮ።

ያኔ ጩኸቱ ጩኸት ሆነ። ሴቶቹ ጭምር። «የምንጠጣውን!» አለች አንዷ፣ ጨውዋን ጥላ። ሰውዬው እጁን አነሳ፣ አወረደ። ዓይኑ ሰው ሲፈልግ ሲፈልግ እኔ ላይ አረፈ። እጁን ዘረጋብኝ።

«እሷ ናት! እሷ ናት ያነሳችው! እኔ እዚያ ረግጬ አላውቅም!»

እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። «ጋሼ፣ አልሰማሁም። ይድገሙት።»

«አንቺ ነሽ ያነሳሽው!»

«ጮክ ይበሉ፤ ከወዲያ ያሉት አልሰሙም።»

«ፎቶው የሷ ነው!» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ሁሉም የሷ ነው! በግራ ያደረገችው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቁ!»

አባ ሐሮ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። በቀኝ እጅዎ ነው የሰጡት፤ የገለበጠው እሱ ነው፤ ሲያትም። ኔጋቲቩን ያምጣ፣ ላሳይዎ።»

ሰውዬው አልነቃነቅም አለ። ከብት ነጋዴው ትከሻውን ይዞ «ግባና አምጣ እንጂ!» አለው። ገባ። ሲወጣ አንዷን ብቻ ይዞ ወጣ።

«ይሄ አይደለም» አልኩ፣ ሳላየው። «ሁሉንም ያምጡ፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ቆርቆሮውን ይዞ ወጣ። ያ የብስኩት ቆርቆሮ። ተቀበልኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ዙሪያዬን ቆሞ፣ አንድ በአንድ በፀሐይ ላይ እያነሳሁ አየሁ፤ ፍየሏ፣ አንሶላው፣ ግራሩ፣ ጊደሯ። አንዷንም አላጣሁም። ያቺን አገኘኋት። ደብዛዛውን ገጽ ወደ ፀሐይ፣ አንጸባራቂውን ወደ ዓይናቸው አድርጌ ለአባ ሐሮ ያዝኩላቸው። ኔጋቲቭ ሲታይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው፤ እጁ ግን እጅ ነው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሚርጋ» አሉ። ቀኝ።

ኔጋቲቩን ለእኩዮቻቸው ሰጧቸው። እነሱም አዩ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ እስከ ጨው ሻጯ። ዞሮ ወደኔ ሲመለስ ከቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩ።

አባ ሐሮ ለሰውዬው ተናገሩ፤ አልጮኹም። ፎቶውን አሁኑኑ እንዲያወርድ፣ ከዚያም ውሃው ጋ ራሱ እንዲመጣ። «መጥተህ ሰው ባለበት ከቀኝ እጄ ወተት ትጠጣለህ። ያኔ ያነሳሁት እኔ ነኝ ብትል ግማሹ እውነት ይሆናል።» እኩዮቻቸው ሳቁ። ሕዝቡም ሳቀ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ «እመጣለሁ፣ አባቴ» አለ። ከመስኮቱ ፎቶውን ሲያወርድ መስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየሁት። እንዲያየኝ ፈልጌ ከፊቱ አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ ወደኔ መጣ። በሰው ፊት። «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ለሰው ንገሪልኝ፤ የቀበሌ ሥራ እንዳላጣ። አንቺ ካልሽ ይሰሙሻል። ፊልምሽንም ከእንግዲህ በነጻ አጥብልሻለሁ።»

«ካሜራዬንስ? አሁንም ቀበሌ ይጠይቁልኛል?»

ወደ አባ ሐሮ ዞረ።

አባ ሐሮ በመሃላችን ቆሙ። በትራቸውን በግራ ይዘው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ የሱን እጅና የኔን እጅ ሊያገናኙ። እንደዚህ ነው የሚደረገው፤ ጠብ በሰው ፊት ከሆነ እርቁም በሰው ፊት ነው። እሱ እጁን ሰጠ። ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። እትዬ ከኋላዬ ጀርባዬን በጣቷ ነካ አደረገችኝ።

«በይ፣ ልጄ» አሉ አባ ሐሮ። «ናጋ በዪ።»

ቆርቆሮውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ጎንበስ ብዬ የአባ ሐሮን ጉልበት ተሳለምኩ። ከዚያ ቀና ብዬ፣ በጨው ሻጮቹና በወታደሩ መሃል ሰንጥቄ፣ ደቡብ ወደ አክስቴ የሚወርዱት ኤንትሬዎች ወደሚጫኑበት ወረድኩ። አንዱ ሾፌር ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ቆርቆሮውን መጀመሪያ ወደ ላይ አቀበልኩ፤ ከዚያ ጎማውን ረግጬ ወጣሁ።